ከኪታቡ ሥር የተደበቀው ልቦለድ

ልቦለድ ማንበብ ውሸት ማንበብ አይደለምን? በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከወላጆችም ከተማሪዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አባት ሲጠይቀው በቁጣ ነው፤ ልጅ ሲጠይቀው ደግሞ በፍርሃት፣ አንዳንዴም ከኪታቡ ሥር የደበቀውን መጽሐፍ እያሰበ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዲናችን ውሸትን አጥብቆ የሚጠላ በመሆኑ፣ ያልነበረ ሰው ያላደረገውን ነገር የሚተርክ መጽሐፍ በቤታችን ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ይበልጥ የሚበረታው «ተራ» ተብለው በሚናቁት የልቦለድ ዓይነቶች ላይ ነው። እነዚህም የወንጀል ምርመራ፣ የስለላ፣ የፍቅርና የሳይንስ ልቦለዶች ናቸው። ቁም ነገር አዘል የሚባለው ልቦለድ በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ በዝምታ ይታለፋል። «ልብ አንጠልጣይ» የሚባሉትን ግን ሃይማኖተኛውም ምሁሩም በአንድ ድምፅ ይነቅፏቸዋል፤ አንዱ ሐራም ነው ይላል፣ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው ይላል። እኔ በመድረሳም በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ያለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ሁለቱንም ወቀሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ፈትዋ ለመስጠት አልሞክርም፤ ያ የዑለማኦች ድርሻ ነው። እንደ አንድ አንባቢና እንደ አንድ መምህር ያየሁትን ግን ለውድ አንባቢያን ላካፍል።

ሦስት ትምህርት ቤቶች

ያደግሁት ደሴ ነው። ጠዋት ሉሕ ይዤ ወደ ሸይኼ፣ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዤ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። በሸይኼ ዘንድ ንባብ ማለት አዝጋሚ ሥራ ነው። ከዐረብኛው ሰዋስው መጽሐፍ ከአጅሩሚያ አንዲት መስመር ትነበባለች፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቃል መጨረሻው ለምን በደማ፣ ለምን በፈትሓ እንደሆነ ይመረመራል። አንድ ገጽ ሳምንት ይፈጅ ነበር። በዚህ መንገድ ቃልን ማክበር ተምሬአለሁ። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ንባብ የፈተና አገልጋይ ነው። ምዕራፉ ይነበባል፣ ጥያቄው ይመለሳል፣ መጽሐፉ ይዘጋል።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቴ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት የመጽሐፍ ኪራይ ሱቅ ነበረች። መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ስለነበር፣ በቀን ሒሳብ ተከራይቶ ማንበብ የተለመደ ነበር። መጽሐፉ ባደረ ቁጥር ሒሳቡ ይጨምራል፤ ስለዚህ ተከራይ ሁሉ ፈጣን አንባቢ መሆን ነበረበት። መጽሐፎቹ ሽፋናቸው በፕላስተር የተጠገነ፣ ጠርዛቸው ከእጅ ብዛት የጠቆረ ነበር። አንዳንዴ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተቀደው ይጠፉና ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ቀድሞ ያነበበ ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር እንዞር ነበር። የወንጀል ምርመራ ልቦለድን ከአማርኛ አንባቢ ጋር ካስተዋወቁት ደራስያን አንዱ ይልማ ሀብተየስ ነው፤ የእርሱን መጽሐፍ ለማግኘት ወረፋ መያዝ ነበረብን።

ለእነዚያ መጻሕፍት ያለብኝን ውለታ አልክድም። ሁለት መቶ ገጽ ሳያቋርጡ ማንበብን ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። ዓይን በመስመር ላይ መሮጥን፣ አእምሮም በገጽ ሃያ የተነገረውን ጥቃቅን ነገር እስከ ገጽ መቶ ሰማንያ ይዞ መቆየትን ለመደ። ኋላ ከባድ ኪታብ ስገልጥም ሆነ ለዲግሪዬ ሳነብ ያገለገለኝ ይኸው ልማድ ነው። ሸይኼ ቃልን በዝግታ መመርመርን አስተማሩኝ፤ የኪራይ መጽሐፉ ደግሞ ረጅም መንገድ መጓዝን። አንባቢ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ተረትን የሚጠላው ማን ነው?

ልቦለድን የሚነቅፉ ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ አላቸው፤ ልናዳምጠውም ይገባል። በመካ አን-ነድር ኢብኑል ሓሪስ የሚባል ሰው ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ይህ ሰው ወደ ሒራ ሄዶ የፋርስ ነገሥታትን፣ የሩስተምንና የኢስፈንዲያርን ታሪክ ተምሮ መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን አስተምረው ሲነሡ እርሱ በቦታቸው እየተቀመጠ፣ የእኔ ወሬ ይሻላል በማለት ያንን ይተርክ ነበር። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ በሱረቱ ሉቅማን 6ኛ አንቀጽ የተወገዘውን ከንቱ ወሬ ከዚህ ሰው ጋር ያያይዙታል፤ ዘፈንን ነው ያሉም አሉ። ነገር ግን አንቀጹን ልብ ብለን ካየነው ውግዘቱ ብቻውን አልተቀመጠም፤ ሰዎችን ያለ ዕውቀት ከአላህ መንገድ ማሳሳት የሚለው ዓላማ አብሮት ተጠቅሷል። የነድር ጥፋት የሩስተምን ታሪክ ማወቁ ሳይሆን፣ ወሬውን እውነትን መጋረጃ ማድረጉ ነበር።

በሌላ በኩል ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኡሙ ዘርዕን ሐዲስ እናስታውስ። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ)፣ ስለ ባሎቻቸው አንዳች ላይደብቁ ቃል የተጋቡ አሥራ አንድ ሴቶች የተናገሩትን አንድ በአንድ ተረኩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያን ሁሉ ረጅም ትረካ አዳመጡ፤ በመጨረሻም ራሳቸውን ከታሪኩ ሰው ከአቡ ዘርዕ ጋር አመሳስለው በፍቅር ቃል መለሱላቸው። የባለቤቱን ወሬ ለመስማት ጊዜ የለኝም ለሚል የዘመናችን አባወራ ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

የጥንት ሊቃውንትስ ምን አሉ? በ1122 (እ.ኤ.አ.) የሞቱት የበስራው አል-ሐሪሪ «መቃማት» የተባሉ 50 ትረካዎችን ጽፈዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ ከከተማ ከተማ እየዞረ በአንደበቱ ሰውን የሚያታልል ለማኝ ነው፤ ተራኪው ደግሞ አል-ሓሪስ ኢብኑ ሀማም ይባላል። ሁለቱም ከደራሲው ልብ የተወለዱ ናቸው። አል-ሐሪሪ ወቀሳ እንደሚመጣባቸው ስላወቁ መልሳቸውን በመቅድማቸው ላይ አስቀመጡ። ስለ እንስሳትና ስለ ግዑዝ ነገሮች የተፈጠሩ ተረቶችን ጆሮ እንዳልተጸየፈ፣ ተራኪዎቻቸውንም ወንጀለኛ ያላቸው እንደሌለ አሳሰቡ፤ ሥራ የሚለካው በኒያ መሆኑንም አስታወሱ።

ይህ መልስ ለእኔ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዋሽቷል የምንለው አድማጩ እውነት ነው ብሎ እንዲያምንለት የፈለገውን ሰው ነው። በሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ብሎ የጻፈ ግን ማንንም አላታለለም። ይህ የአማርኛ ቃል ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ ነገሩ ከልብ የተወለደ መሆኑን ገና ከደጃፉ ይናገራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው።

የቀሚሱ ምስክርነት

የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር ሱረቱ ዩሱፍ ትዝ ይለኛል። ይህ ታሪክ በእርግጥ ልቦለድ አይደለም፤ ሱራው ራሱ በመጨረሻው ላይ የተቀጣጠፈ ወሬ አለመሆኑን ያስታውቃል። ሆኖም ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ተመልከቱ። በደጃፍ ላይ አንዲት ባለ ሥልጣን ቤት እመቤትና አንድ አገልጋይ ወጣት እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ያየ ሰው የለም። ከእመቤቲቱ ቤተሰብ የሆነ መስካሪ ግን ልብሱን መርምሩ አለ፤ ቀሚሱ ከፊት ተቀዶ ከሆነ ጥፋቱ የወጣቱ፣ ከኋላ ተቀዶ ከሆነ የእርሷ ነው። ቀሚሱ ከኋላ ተቀዶ ተገኘ። በዚሁ ሱራ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ በመጀመሪያ በሐሰት ደም ተነክሮ፣ ቀጥሎ ከኋላ ተቀዶ፣ በመጨረሻም የየዕቁብን (ዐ.ሰ) ዓይን ሊያበራ ተልኮ። የሰው አንደበት ሲዋሽ ጨርቅ እውነቱን ይናገራል።

ኢብኑል ሙቀፍፈዕ በ8ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከፋርስ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ በመለሰው «ከሊላ ወዲምና» ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዲምና የተባለው ተንኮለኛ ቀበሮ በነገር አዋቂነቱ አንበሳውን አታሎ ንጹሑን በሬ ያስገድለዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ የዲምናን ጉዳይ የሚመረምር ነው። ነብሩ የሰማውን ይመሰክራል፤ በአንድ ምስክር ብቻ ፍርድ ስለማይጸና ሁለተኛ ምስክር እስኪገኝ ይጠበቃል። ተራ የእንስሳት ተረት ይመስላል፤ የፍርድ ሥርዓት ግን ተሸክሟል።

በ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የሦስቱ ፖሞች ታሪክ ላይ ደግሞ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከዲጅላ ወንዝ የተቆለፈ ሣጥን ያወጣል፤ ውስጡ የተገደለች ሴት አስከሬን ይገኛል። ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ሚኒስትሩ ጃዕፈር ገዳዩን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ፣ አለዚያ እንደሚሞት ይነግሩታል። ታሪኩ ልብ ያንጠለጥላል፤ ነገር ግን ምሥጢሩ የሚፈታው በምርመራ ሳይሆን ገዳዩ ራሱ ቀርቦ ሲያምን ነው። ፍንጭ እያገጣጠመ እውነትን የሚያወጣ መርማሪ በልቦለድ ዓለም የታወቀው ኋላ ነው፤ በ1841 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ፣ በ1887 ደግሞ ሼርሎክ ሆምስን በፈጠረው በአርተር ኮናን ዶይል።

ታዲያ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ለአንድ ወጣት ምን ያስተምረዋል? እኔ ያስተማረኝ አንድ ትልቅ ነገር፣ በመጀመሪያው ገጽ ሁሉም የጠረጠረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ መሆኑን ነው። ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ በመቶ መጽሐፍ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ሱረቱል ሑጁራት ከመጥፎ ጥርጣሬ እንድንርቅና የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል፤ ሐሜት በሚያምሰው ሰፈር ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ትእዛዝ በተግባር የሚለማመድበት ነገር ማግኘቱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በደሴት ያደገው ሕፃን

ሳይንሳዊ ልቦለድ የምዕራባውያን ብቻ የሚመስላቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል። በ1185 (እ.ኤ.አ.) የሞተው የአንደሉሱ ሐኪም ኢብኑ ጡፈይል «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» በተባለው መጽሐፉ ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ አጥብታ ያሳደገችውን ሕፃን ይተርካል። ሚዳቋዋ ስትሞትበት ልጁ ከእርሷ ምን እንደተለየ ለማወቅ ደረቷን ከፍቶ ልቧን ይመረምራል። ከዚያ ተነሥቶ እንስሳትን፣ እሳትን፣ ከዋክብትን እያስተዋለ ያለ መምህር ፈጣሪ መኖሩን ወደ ማወቅ ይደርሳል። መጽሐፉ በ1671 (እ.ኤ.አ.) ከላቲን ትርጉሙ ጋር ኦክስፎርድ ላይ ታተመ፤ በ1708 ከዐረብኛው በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ዳንኤል ዲፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ያሳተመው በ1719 በመሆኑ፣ ከዚያ ሳይቀዳ አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

የደም ዝውውርን በሳንባ በኩል የገለጸው ታላቁ ሐኪም ኢብኑን-ነፊስም (በ1288 የሞተ) በተመሳሳይ መንገድ ከሚል የተባለ በደሴት ላይ ብቻውን የተገኘ ሰው ታሪክ ጽፏል። ሐኪሞች ነበሩ፣ የዲን ሰዎችም ነበሩ፤ ሐሳባቸውን ለማስረዳት ተረት ለመፍጠር ግን አላፈሩም።

የካይሮ የኪስ መጻሕፍት

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ እንዳይመስል ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከጂዳ የተመለሰ ጎረቤታችን በሻንጣው ውስጥ ጥቂት ትንንሽ የዐረብኛ መጻሕፍት ይዞ መጣ። «የግብፅ የኪስ ልቦለዶች» በሚል ስም ካይሮ ላይ የሚታተሙ ነበሩ። ዐረብኛን የማውቀው በኪታብ ብቻ ስለነበር፣ ሰዎች በዚያ ቋንቋ ሲቀልዱ፣ ሲፈሩና ሲጨቃጨቁ ሳነብ አዲስ ዓለም ተከፈተልኝ። ያ ሁሉ የሰዋስው ድካም ሕይወት ዘራበት።

የእነዚህ መጻሕፍት ደራስያን ታሪክ ለእኛም ይጠቅማል። ነቢል ፋሩቅ (1956–2020) ሐኪም ነበር፤ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አድሀም ሰብሪ የተባለውን ግብፃዊ የደኅንነት ሰው የሚተርክ ተከታታይ የስለላ ልቦለድና «የወደፊቱ መዝገብ» የሚባል ተከታታይ ሳይንሳዊ ልቦለድ አሳተመ። አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ (1962–2018) ደግሞ በጠንጣ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ነበር። በ1993 የጀመረው «ከተፈጥሮ ባሻገር» የተባለው አስፈሪ ተከታታይ ልቦለድ ጀግናው ጡንቸኛ ጎረምሳ ሳይሆን ራሱ የተመለጠ፣ ልቡ የታመመ፣ በሁሉ ነገር የሚጠራጠር ሽማግሌ ዶክተር ነው። ደራሲው ከሁሉ በላይ ወጣቶችን እንዲያነቡ ያደረገ ሰው ተብሎ መታወስን ይመኝ ነበር። በሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት እነዚያ ወጣቶች አዝነው ወጡለት። በዚሁ ማተሚያ ቤት የሚወጡት የፍቅር ልቦለዶች ደግሞ አባትም እናትም ቤት ውስጥ ቢያገኟቸው የማያፍሩባቸው መሆናቸውን ሽፋናቸው ላይ ያስታውቁ ነበር። ይህ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ያለ ብልግና ሊጻፍ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

የሚጎረብጠኝ

ይህን ስል ሁሉንም እያመሰገንኩ አይደለም። ከውጭ ቋንቋ በተተረጎሙ በርካታ የስለላ መጻሕፍት ውስጥ ዐረብ ስም ያለው ሰው ገና በር ከፍቶ ሲገባ መጨረሻውን አውቀው ነበር፤ ወይ ጨካኝ ነው፣ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ በገጹ ግርጌ ይሞታል። የራሱን ስም የያዘ ሰው ሁልጊዜ ጠላት ሆኖ የሚያገኝ የሙስሊም ልጅ ልብ ውስጥ ምን እንደሚቀር ወላጅ ሊያስብበት ይገባል። ብዙዎቹ የፍቅር ልቦለዶችም ሠርጉ ላይ ያበቃሉ። ትዳር የሚጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አማት፣ ስለ ታመመ ሕፃን የሚነግሩት የላቸውም። ብልግናን እንደ ቅመም የሚነሰንሱም አሉ። ሰላት የሚያስረሳና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳ መጽሐፍ ደግሞ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ልኩን አልፏል።

አንድ አባትና ልጁ

ባለፈው ዓመት የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ አባት አንድ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «መምህር፣ ይህን ከኪታቧ ሥር አገኘሁት። ቁርኣን ቤት ልኬያት ይህን ነው የምታነበው። እርስዎ የሁለቱም ወገን ሰው ነዎትና ፍረዱኝ» አሉኝ። ልጅቷ በክፍሌ ካሉት ሁሉ አማርኛን አሳምረው ከሚጽፉት አንዷ ነበረች። እኔም «አባባ፣ መጽሐፉን አንብበውታል?» አልኳቸው። አላነበቡትም። «እንግዲያው ሳይመረምሩ እንዳይፈርዱ ያንብቡትና ሳምንት እንገናኝ» አልኩ። ቅር እያላቸው ይዘውት ሄዱ።

በሳምንቱ ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር። «ገዳዩ የገዛ ወንድሙ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ግን ቁም ነገራቸውን ተናገሩ። አንድ ምዕራፍ ላይ ያለው የመሸታ ቤት ወሬ ለልጃቸው እንደማይገባ ገልጸው፣ ይህንኑ ለራሷ ማስረዳታቸውን ነገሩኝ። ልጅቷም ያን ምዕራፍ እንዳልወደደችውና ቶሎ ቶሎ ገልጣ እንዳለፈችው ነገረቻቸው። በእኔ ግምት አባትና ልጅ ስለ መጥፎ ነገር እንዲህ በግልጽ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። አሁን መጽሐፍ ከመያዟ በፊት ታሳያቸዋለች፤ እርሳቸውም ካነበቡት በኋላ መጨረሻውን እንዳይነግሯት ትለምናቸዋለች። ሒፍዟም አልተቋረጠም፤ አልሐምዱሊላህ።

ለቤታችን

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ በልጆቻችን እጅ ስልክ አለ። ልቦለዱን ብንነጥቀው ኪታብ ያነሣል ብለን አንጠብቅ፤ የሚያነሣው ስልኩን ነው። ስልኩ ደግሞ በግማሽ ደቂቃ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ያዘልለዋል፤ ሁለት መቶ ገጽ የሚጠይቀውን ትዕግሥት አያስተምረውም። ይህ ትዕግሥት የሌለው ልጅ ነገ ተፍሲርም ሆነ የሕግ መጽሐፍ አንብቦ መጨረስ ያቅተዋል።

ስለዚህ ልጁ የያዘውን መጽሐፍ ቀድመን እናንብብ፤ ጊዜ ካጠረን ማታ ታሪኩን እንዲተርክልን እንጠይቀው። ለሰላት፣ ለቁርኣንና ለትምህርት የሚገባውን ሰዓት አስቀድመን ለይተን ለልቦለዱም ሰዓቱን እንስጠው። የማንፈቅደውን ስንከለክል ምክንያቱን እንንገረው፤ በምትኩም የተሻለ እንስጠው። በመድረሳዎቻችንና በመስጊዶቻችን ቤተ መጻሕፍትም ከኪታቦቹ ጎን ለንጹሕ ልቦለድ አንድ መደርደሪያ ቢፈቀድ መልካም ነው።

እናንተ ወጣቶችም አንብቡ፣ ከዚያም ጻፉ። መርማሪው ከድር፣ ሐኪሟ ዘይነባ፣ ከዋክብትን የሚያጠናው ሙሐመድ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ጀግና ሆነው እንዲገኙ የምንፈልግ ከሆነ ሌላ ሰው እስኪጽፍልን መጠበቅ የለብንም። ወላሁ አዕለም።